የቅደሚ ውርንጭላ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምሬ ይትባረክ።

አትጠገብ ቀና ብላ አየቻቸው። የጠየቀቻቸው ሌላ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ለማንም ያልነገረችውን ለንስሐ አባቷ ነግራ መጨረሷ ነው። ባለፈው ዓመት ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ ነበር። ጎረቤቷ «ይሄ ቀጥ ያደርግሻል» ብላ የሰጠቻት የሕመም ማስታገሻ ክኒን በእርግጥም ቀጥ አደረጋት። ወገቧ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አብሯት ቀረ። ሳትውጥ የዋለች ቀን ያልባታል፣ አጥንቷን ይቆረጥማታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል። አርግዛም አልተወችውም። አሁን ወሯ ገብቷል። በጤና ጣቢያው አዋላጇ እርጉዞቹን ሰብስባ «እናት የምትወስደው መድኃኒት ወደ ልጁ ያልፋል፤ የምትወስዱት ነገር ካለ ንገሩኝ» ስትል አትጠገብ መሬት መሬቱን ስታይ ቆይታ ወጣች።

«መምሬ፣ ለእግዚአብሔር ነግሬያለሁ፤ ለእርስዎም ነገርኩ» ነበር ያለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑን ገደል ጥዬ እተወዋለሁ። ታዲያ ለአዋላጇም መንገር አለብኝ? ስንት ሰው የሚያውቀኝ፣ አባቴ የተከበረበት አገር ነው። ሱሰኛ ናት ከሚሉኝ አፌን ዘግቼ ብወልድ አይሻልም?»

 መምሬ በፈረስ አገር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ዛሬ በመቋሚያ ቢሄዱም ስለ ፈረስ ሲነሳ ወገባቸው ይቃናል፤ ለትልቅ ጥያቄ መልስ የሚፈልጉትም ሁልጊዜ እዚያው አገራቸው ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው፤ መሬቱ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ። ሰው የሚያውቀው ግን በሀብቱ ሳይሆን በባዝራው ነበር። በዚያ አገር፣ ልጄ፣ ሰው በአባቱ ስም ብቻ አይጠራም፤ የፈረስ ስም አለው። ፈረሱን «ግፋ» ያለው አባ ግፋ ይባላል፤ «መክት» ያለው አባ መክት ይባላል። በሠርጉ በዚያ ስም ይዘፈንለታል፣ ሲሞትም በዚያ ስም ይለቀስለታል። ይህ ሰው ዳማ ባዝራ ነበረችውና ስሟን «ቅደሚ» አላት። ሰው ሁሉ በድንጉላ ስም ሲጠራ እሱ በባዝራ ስም ሊጠራ በመፈለጉ መጀመሪያ ተሳቀበት። በጥር ጉግስ ቅደሚ ያን ሁሉ ድንጉላ አቧራ አልብሳ ብቅ ስትል ግን የሳቀው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ቅደሚ ሆነ።

ኩራቱን ምኑን ልንገርሽ! ሎሌ ሞልቶት ባዝራዋን የሚያጥባት ራሱ ነበር። ጋማዋን የሚያበጥረው እሱ፣ ኮቴዋን የሚጠርገው እሱ፣ የምትጠጣውን ውሃ ቀምሶ የሚያቀርብላት እሱ። ሚስቱ «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ብታበጥረኝ» ብላ ትቀልድበት ነበር። እሱ ይስቃል፤ ማበጠሩን ግን አይተውም። እንዲህ ያለ ኩራት ክፉ ነው አልልሽም። ሰው በሚወደው ነገር ቢኮራ ምን ክፋት አለው? እኔ ራሴ ፈረስ የማያውቅ አገር ያሳዝነኛል።

ቅደሚ ታዲያ በአገሩ ከታወቀ ድንጉላ አረገዘች። ወሬው ዳር እስከ ዳር ተሰማ። ገና ላልተወለደው ውርንጭላ ልጓም የሚያሠራ ተገኘ፤ ዘር እንዲሰጠው ቀድሞ የሚለማመጥ ሰው ከአባ ቅደሚ ደጅ ጠፍቶ አያውቅም። ሰውየውም መንገድ ላይ ሲሄድ ጭንቅላቱ ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው።

አንድ ቀን ጠዋት ባዝራዋ ከወንዝ ስትመለስ የፊት እግሯ ጉድጓድ ገባ። አልተሰበረም፤ ወለም ብሎ አበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጋጥ ውስጥ አሳርፎ፣ እስክትድን በታገሠ ነበር። አባ ቅደሚ ግን ባዝራው ስታነክስ መታየቷን መሸከም አልቻለም። በዚያ አገር ፈረስ ሲያነክስ ጌታው አብሮ እንዳነከሰ ይቆጠራል። ገበያ የሄደውም፣ ከደብር የተመለሰውም «ቅደሚ አነከሰች አሉ» ማለቱ እንደማይቀር ያውቀዋል።

በዚያው ሰሞን ወደ ቆላ የሚወርድ አንድ ነጋዴ በደጁ ሲያልፍ ነገሩን አየና ከስልቻው አንድ ሥር አውጥቶ ሰጠው። የሥሩን ስም አልነግርሽም፤ ሰው ሰምቶ ዝም አይልም። «ወቅጠህ ከገብስ ጋር አብላት። ሕመም የሚባል ነገር ይረሳታል» አለው። እሱም ወቅጦ አበላት። በማግስቱ ቅደሚ እግሯ እንዳበጠ፣ ምንም እንዳልነካት ቀጥ ብላ ሄደች። ሰውየውም በገበያ መሐል መራት። ሁሉም አየ፤ ሁሉም «ለካ ወሬው ሐሰት ነው» አለ። አባ ቅደሚም ያን ቀን እንቅልፉን ጠግቦ ተኛ።

እግሯ ውሎ አድሮ ሲድን ሥሩን ሊተወው አሰበ። ተወውም። ባዝራዋ ግን ላብ አጠመቃት። የጋጡን ግድግዳ በእርግጫ መታችው፤ ገብሱን አሽትታ ፊቷን አዞረች፤ ዐይኗ ፈጠጠ። አባ ቅደሚ ደነገጠና ትንሽ ሥር ወቀጠላት። ወዲያው ልስልስ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሥሩን በኮርቻው ሥር በጨርቅ ቋጥሮ እያስቀመጠ በየዕለቱ ይሰጣት ጀመር።

ሚስቱ አንድ ቀን ሲወቅጥ ደረሰችበት። «ምንድን ነው የምትሰጣት?»

«ማጠንከሪያ ነው።»

«በሆዷ ልጅ ይዛለች እኮ።»

«ለእሷ ነው የምሰጣት፤ ለሆዷ መቼ ሰጠሁ?» አላት።

 በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ እሱ የተናገረውን ቢናገር አያስገርምም ነበር። እናት የበላችውን በሆዷ ያለው እንደሚበላ ማን ልብ ይላል? በሆድ ያለ አይታይ፣ አይናገር፣ «ይሄ ነገር መረረኝ» አይል።

ቀኑ ደረሰና ቅደሚ ፀሐይ ስትወጣ ወለደች። ወንድ ነው፤ እንደ እናቱ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ትንሽ ነበር፤ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ። ግን ቆመ፤ ሰውየውም ከደስታው የተነሳ እንባው መጣ።

አሁን የዚያን አገር ልማድ ስሚ። ስሟ የገነነ ባዝራ ስትወልድ ፈረሰኛው ሁሉ ይሰበሰባል። በፈረሶቹ አንገት ቃጭል ያስሩና ጋጡን እየዞሩ ይጋልባሉ፤ ጅራፍ ያስጮኻሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ውርንጭላው ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ጩኸት ካልለመደ በጉግስ ሜዳ ይደነብራል ብለው ያምናሉ። ደግሞም ክብር ነው። ወደ አባ ቅደሚ ቤት ደግሞ ከየደብሩ የመጣው ፈረሰኛ ብዛት ደጁን አጨለመው።

ውርንጭላው የመጀመሪያውን ጅራፍ ሲሰማ ወደቀ። ሰው ሳቀ፤ «ይለምዳል» አለ። አነሱት። እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ገና የጨቅላ እግር ነው ብሎ ማንም አላሰበበትም። መንቀጥቀጡ ግን ወደ ሆዱ ወጣ፣ ወደ አንገቱ ወጣ። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ጮኸ፤ ጩኸቱ አልቆም አለ። ያስነጥሰዋል፣ ያልበዋል። ወደ እናቱ ጡት ይጠጋል፤ ይፈልጋታል፤ አፉ ግን ጡቱን መያዝ አቃተው። የጠባት ጥቂት እንገርም በአፍንጫው ተመለሰ። ሲጮህ ይብስበታል፤ ሲብስበት ደግሞ ሰው ይሰበሰብበታል።

«ዐይን ነው» አለ አንዱ። ቅጠል አምጥተው አጠኑት። ጭሱ ጋጡን ሞላው፤ ውርንጭላው ዐይኑ ተገልብጦ ሰውነቱ ተገተረ። «ጅራፉን ጨምሩ፣ ክፉው ይሽሽ» አለ ሌላው። ጨመሩ። ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ልጄ። ከመካከላቸው ውርንጭላውን የሚጠላ አንድም አልነበረም።

አባ ቅደሚ ከጋጡ ደጃፍ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል። ሥሩ ትዝ ብሎታል። ባዝራዋ ሥሩን ያጣች ዕለት የነበረችውን ያስታውሳል፤ ያ ላብ፣ ያ መንቀጥቀጥ፣ ያ የፈጠጠ ዐይን አሁን በልጇ ላይ ነው። ገብቶታል። አፉን ግን አልከፈተም። ጥሏቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ተደፍቶ ሁሉን ነገር ተናገረ። ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሥሩ፣ በኮርቻው ሥር ስለደበቀው ቋጠሮ ሳይቀር ተናገረ። «አንተ ፈረሰኛው፣ ውርንጭላዬን አትርፍልኝ፤ ጥላ አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ። አለቀሰ። ሲወጣ ልቡ ቅልል ብሎት ነበር። የሚነገረውን ለሚነገረው ሁሉ ነግሬያለሁ ብሎ አስቦ ነበር።

«እንደኔ» አለች አትጠገብ በዝግታ።

መምሬ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛውረው ቀጠሉ።

ቤቱ ሲመለስ የከብት ሐኪሙ ከከተማ ደርሶ ጠበቀው። ሚስቱ ናት የላከችበት። ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ውርንጭላውን ዳሰሰ፣ ዐይኑን ገልጦ አየ፣ ልቡን አዳመጠ። ከዚያ ቀና አለና ጠየቀ።

«ባዝራዋ አርግዛ ሳለ ምን ተሰጣት?»

ፈረሰኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። አባ ግፋ አለ፣ አባ መክት አለ፣ ዘር ሊለምን የመጣው አለ። አባ ቅደሚ ሁሉንም አየና «ገብስ፣ ድርቆሽና የምንጭ ውሃ» አለ።

«ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

ሐኪሙ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌዎቹን ወደ ዳር ወስዶ አነጋገራቸው። «ምንም ካልተሰጣት የምፈራው ተላላፊ በሽታ ነው። እሱ ከሆነ ለፈረሶቻችሁ ሁሉ ይተርፋል። ሌላ መነሻ ቢገኝ ደስታዬ ነበር፤ አልተገኘም» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ፈረሶቻቸውን ዘወር ብለው አዩ። በዚያ አገር ፈረስ ማለት ምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ብዙም ሳይነጋገሩ ወሰኑ፤ ውርንጭላው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደጁ ግርጌ ወዳለው ገደል ተወስዶ ይገደል፣ ባዝራዋም ለብቻዋ ትታሰር አሉ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ጋጡ ገባና ውርንጭላውን አቅፎ ወጣ። ውርንጭላው በክንዱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቅደሚ ከኋላ ጮኸች፤ ገመዷን ልትበጥስ ታገለች። አባ ቅደሚ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሰማኛል፣ አሁን አንድ ነገር ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ምንም አልሆነም። ሽማግሌው በአጠገቡ ሲያልፍ የውርንጭላው አፍንጫ የአባ ቅደሚን ክንድ ነካው። እርጥብ ነበር፤ ጡት ፍለጋ የሰውየውን እጅጌ ሊጠባ ሞከረ።

ሰውየው ያን ጊዜ ዞረ።

«አስቀምጠው!» አለ። ድምፁ ደጁን ሁሉ አናወጠው። «በሽታ የለበትም። ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ኮርቻው ሄዶ ቋጠሮውን ፈታና ሥሩን በሐኪሙ መዳፍ ላይ አኖረው። ከዚያም በፈረሰኛው ሁሉ ፊት ቆሞ ተናገረ። ባዝራው እንዳነከሰች፣ እሱ ማነከሷን እንደደበቀ፣ ሥሩን መስጠት እንደጀመረ፣ መተው እንዳቃታት፣ እስከዚያች ዕለት ጠዋት ድረስ እንደሰጣት ተናገረ። ምንም አላስቀረም። 

ከኋላ በኩል አንድ ሰው «ለካ ቅደሚ የምትቀድመው በሥር ኖሯል!» አለና ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ።

አባ ቅደሚ ቀና ብሎ አያቸው። «ስትቀድም ሥር አልቀመሰችም። ሥሩን የሰጠኋት እንዳትስቁብኝ ነው። አሁን ሳቁ፤ ውርንጭላው ግን አይሞትም» አላቸው።

ሐኪሙ ሥሩን አሸተተ፤ በጥርሱ ነካ አድርጎ ተፋው። ይሰድበዋል ብለው ሲጠብቁ የሰውየውን ትከሻ በሁለት እጁ ያዘው። «ተመስገን! የምጠይቀው የነበረው ይህንኑ ነው። አሁን ምን እንደምሠራ አወቅሁ» አለ። ወዲያው ትእዛዝ ያዥጎደጉድ ጀመር። ጅራፍ ይቁም፤ እልልታ ይቁም፤ ጭሱ ከጋጥ ይውጣ። በሩ በጨርቅ ይጋረድ፤ ብርሃን አይብዛበት። ውርንጭላው በሙቅ ነገር ተጠቅልሎ ደረት ላይ ይታቀፍ፤ እናቱን እየሸተተ ይዋል እንጂ እንዳይለይ። የሚጠባው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። «በጣም ሲብስበት የሚሰጠው ጠብታ እኔ አለኝ፤ መጠኑን የማውቀው እኔ ነኝና ማንም እንዳይነካው» አለ።

አባ ቅደሚ የሥሩን ቋጠሮ አንስቶ ወደ ገደሉ ሊወረውረው ሲል ሐኪሙ እጁን ያዘው። «በአንድ ጊዜ አትቁረጥባት። ሰውነቷ ለምዶታል፤ በድንገት ብትነሳት እሷም ትጎዳለች፣ ወተቷም ይደርቃል። እኔ እያየሁ በየቀኑ እንቀንስላታለን» አለው። ሰውየው ይህን ሲሰማ እጁ ወረደ። ሥሩን በስውር ጥሎ ቢሆን ኖሮ እናቲቱንም ያጣት እንደነበር ገባው።

የጉግስ ግላስ፣ የፈረስ ልብስ፣ ነበረው፤ ባለ ቀይ ጥለት፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ለታቦት ቀን ብቻ ቅደሚን የሚያለብሳት። እሱን አመጣና ውርንጭላውን ጠቀለለው። ጋጡ ውስጥ ከድርቆሹ ላይ ተቀመጠና አቀፈው። ያ ባለጸጋ፣ ያ ጭንቅላቱ ሰማይ ሊነካ የነበረው ሰው፣ ጨለማ ጋጥ ውስጥ ውርንጭላ አቅፎ ሰነበተ። ሲንቀጠቀጥ ይይዘዋል፤ ሲጮህ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉርለታል፤ እንገሩን በጣቱ እየነከረ ያስልሰዋል። ሚስቱ ምግብ እያመጣች «እኔንም እንዲህ አቅፈኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። ያን ጊዜ ግን እያለቀሰች ነበር የምትቀልደው።

ፈረሰኞቹስ? ይህን ስነግርሽ አሁንም ልቤ በኩራት ይሞላል። በዚያ አገር ሰው ከፈረሱ የሚወርደው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው። በአባ ቅደሚ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ የገበያ መንገድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጁ ጋ የደረሰ ፈረሰኛ ሁሉ ከፈረሱ ይወርድ ጀመር። ቃጭሉን ከፈረሱ አንገት ፈትቶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ በእግሩ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ደጁን ካለፈ በኋላ ተመልሶ ፈረሱ ላይ ይወጣል። ያዘዛቸው የለም። ያ ከኋላ የሳቀው እንኳን ወረደ።

«ውርንጭላው ዳነ?» አለች አትጠገብ። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

ዳነ። በአንድ ቀን አይደለም። መንቀጥቀጡ ሄዶ ይመለስ ነበር፤ ሐኪሙ ተስፋ የቆረጠበት ቀንም ነበር። በኋላ ግን እንቅልፍ ወሰደው፤ ከዚያ ጡቱን ያዘ፤ ከዚያ የአባ ቅደሚን ባርኔጣ በላበት። ምንም አልቀረበትም ብዬ አልዋሽሽም። ቁመቱ እንደ እኩዮቹ አልሆነም፤ ድንገት ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ልጓም ለመልመድም ከሌላው ይልቅ ትዕግሥት ፈለገ። ሐኪሙም «ነገሩ ቆይቶ ቢታወቅ ኖሮ ወይ ይሞት፣ ወይ ከዚህ የባሰ ጉዳት ይቀርበት ነበር። ቀድሞ ቢታወቅ ደግሞ ከዚህ በተሻለ ነበር» ብሎ ለሰውየው በግልጽ ነገረው።

ጥር መጣ። በጉግስ ሜዳ አንድ አዋጅ ነጋሪ አለ፤ ፈረሰኛው ሲገባ የፈረስ ስሙን ይጠራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አባ ግፋ ገባ፤ አባ መክት ገባ። ከዚያ ሰውየው ገባ። ፈረስ ላይ አልተቀመጠም፤ በእግሩ ነው። ያን ትንሽ ውርንጭላ በገመድ እየመራ፣ ግላሱን አልብሶት፣ አንገቱን እንደ ድሮው ቀና አድርጎ ገባ።  ነጋሪው አፉን ከፈተና «አባ…» ብሎ ቆመ። ቅደሚ ከሥሩ ቀስ በቀስ ተላቃ በደህና ጋጧ ውስጥ ነበረች፤ በሜዳው አልነበረችም። ውርንጭላው ደግሞ ስም ገና አልወጣለትም።

ከዚያ ነጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራው።

«አባ ተናገር!»

ሜዳው ተንቀጠቀጠ ልበልሽ? ሕዝቡ ሁሉ ተቀበለው። ውርንጭላው በጩኸቱ ደንግጦ ወደ ሰውየው ብብት ተሸጎጠ፤ ሰውየውም በኩታው ሸፈነው። አለቀሰ። ኩራት ግን ያን ዕለት የነበረውን ያህል በፊቱ ላይ ታይቶ አያውቅም፤ ቅደሚ ስትቀድም እንኳን እንደዚያ አልነበረም። ጉግሱ ሲያልቅ ደግሞ ፈረሰኞቹ አንድ አንድ እያሉ የከብት ሐኪሙን ወደ ጥግ እየጠሩ፣ ለየባዝራዎቻቸው የሚሰጡትን ነገር ሁሉ ይነግሩት ጀመር። የዚያን ዓመት በዚያ አገር የተወለደው ውርንጭላ ሁሉ ሐኪም እያወቀው ተወለደ።

መምሬ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ አትጠገብ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ያ ሰው ነሽ። ከሥዕሉ ፊት ተደፍተሽ ተናግረሻል። እግዚአብሔር ሰምቶሻል፤ ይህን አትጠራጠሪ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን እኔ የሰማሁትን አውጥቼ ለማንም መናገር አልችልም። አዋላጇ ደግሞ ያልነገርሻትን አታውቅም። ልጅሽ ሲወለድ ቢንቀጠቀጥ፣ ጩኸቱ አልቆም ቢል፣ ጡት መያዝ ቢያቅተው፣ ከነገርሻት ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ካልነገርሻት ሌላ በሽታ ስትፈልግ ሰዓቱ ያልፋል። ቤት ይዘሽው ብትሄጂ ደግሞ ዘመድ ይሰበሰብበታል፣ እልል ይባልበታል፣ ዐይን ነው ይባልና ይጤስበታል። ሁሉም ደግ ሰው ነው። ግን ማንም አያውቅም።»

«ክኒኑንስ? ዛሬ ልጥለው ነበር።»

«ሥሩን ገደል ሊወረውር ያለውን እጅ ማን ያዘው? ሐኪሙ ነው። በድንገት ብትተዪው አንቺም ልጁም ልትጎዱ ትችላላችሁ። በገዛ እጅሽ አትቁረጪ፤ በገዛ እጅሽም አትቀጥዪ። እንዴት እንደሚሆን እሷ ትንገርሽ፤ ከአቅሟ በላይ ከሆነም ወደ ሆስፒታል ትላክሽ። ምናልባት ልጁ ምንም ላይሆን ይችላል። ምናልባት ደረትሽ ላይ አቅፈሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያጠባሽ ትሰነብቺ ይሆናል። ሁለቱንም የምትችዪው የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ሲኖር ነው።»

አትጠገብ የነጠላዋን ጠርዝ በጣቷ ጠቀለለች። «ይስቁብኛል መምሬ።»

«ሊስቁ ይችላሉ። በሰውየውም ተስቆበታል። ከሳቁት ሰዎች ግን የአንዱንም ስም የሚያስታውስ የለም። ይህን ያህል ዘመን ስለ ፈረስ ሳወራ የኖርኩት እኔ እንኳን አላውቃቸውም። አባ ተናገርን ግን አገር ያውቀዋል። አንቺም ብትሆኚ ዛሬ ስለ ልጅሽ ብለሽ ከእኔ ፊት የቆምሽው ቀላል ሴት ሆነሽ አይደለም። እኔ ዛሬ በአንቺ ኮርቻለሁ፤ ሲያድግ ልጅሽም ይኮራል።»

«ቀጠሮዬ ነገ ነው» አለች።

«ዛሬ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል?»

«ክፍት ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟት። አትጠገብ ወይራውን ደግፋ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች። መምሬ እስከ አጥሩ በር ተከተሏትና፣ መንገዱ ላይ ማንም አለመኖሩን አይተው፣ በልጅነታቸው በጉግስ ሜዳ ይሰሙት እንደነበረው አዋጅ ነጋሪ ደረታቸውን ነፍተው ጠሯት።

«ተናገሪ!»

አትጠገብ ዞር ብላ ሳቀች፤ አንገቷን ቀና አድርጋም መንገዷን ቀጠለች።